በበርሜል ውስጥ ጤነኛ

በአይሱዙ ጀርባ ጭድ ላይ ተጋድሞ፣
ባለቤቱ ራስጌው አስታማሚ ሆኖ ቆሞ፣
ከግቤ ግድብ ዳር ሂርማታ ደረሰ
አንድ የጀልባ ሞተር፣ ክዳኑ የፈረሰ።
የባጃጅ ሰው ነኝ እኔ፣ ባስ ሲል የወፍጮ ቤት፤
ባሕር ካላችሁኝ ባሕሬ አዌቱ ነው፣ እሱም በክረምት።

«ቀስ ብዬ ስነዳው» አሉ አባ ቡልጉ «ሰላም ነው፤
ውሃውን በጎኑ እንደ በሬ ሲሸና ነው የማየው።
ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼው አፍንጫው ቀና ሲል
ሽንቱ ክር ያህልና መጮህ ይጀምራል፤
እጄን ባሳርፍበት ቆዳዬን ይልጣል።»
ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሲፈንን በጎን አይተው፦
«ሁሌ ከዚያው ቦታ ነው።
ግድቡ ሲሞላ ሰፈሬ ከነጉድጓዱ፣ ከነቁልቋል አጥሩ
ውሃ ውስጥ ቀርቷል፤ እዚያ አናቱ ላይ ስደርስ ነው
የሚነደው ሞተሩ።»

አልሳቅሁም። ግን እኔ የማምነው ብሎን ነው፤
ጂን ቢኖርም እንኳ በአሥር ቁጥር ቁልፍ የሚፈታ ነው።

በርሜል ሞልተን አሰርነው። ሲፈን ገመዱን ጎተተች፤
ሳለ፣ አጨሰ፣ ተነሳ። መዳፏን ከሽንቱ ሥር ዘረጋች፤
«ለብ ያለ ነው» አለች።
ግማሽ ሰዓት ሠራ፤ ቢሉት ቢሠሩት ደህና ነው፤
በርሜል ውስጥ የታሰረ ሁሉ ጤነኛ ነው።

ወንፊቱን ጠረግን፤ የግቤ ደለል፣ የሳር ሥር።
ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለን በፈላ ድስት ስንነክር
አፉን ከፈተ፤ እሱም ነፃ ነው ከዚህ ነገር።
ፓምፑን ስፈታው ግን ያዝኩት አልኩ፣ ፎከርኩ፤
ከስድስቱ የጎማ ክንፍ አራቱን ብቻ ቆጠርኩ።
አዲሱ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ መጣ፣ ገጠምኩ፤
ሂሳቤን ተቀብዬ እጄን በቤንዚን ታጠብኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያው አይሱዙ፣ ያው ጭድ፣ ያው ሰው።
ምንም አላሉኝም። የቆሰቆሰኝ ዝምታቸው ነው።

ሲፈን ምንም አትጥልም፤ ለእሷ ቆሻሻ የለም።
አሮጌውን ጎማ ከወተት ጣሳዋ አወጣች፤
ጠረጴዛው ላይ አኑራ በጣቷ ነካካች፤
«አራት። ሁለቱስ የት ሄዱ?» አለች።

የት ይሄዳሉ?
እኔ አዲሱን ስሾም የጎደሉትን አልፈለግሁም፤
የተቆረጠ ሁሉ ከቤት ወጥቷል ማለት አይደለም።

ቴስታታውን ፈታን። ትንሿን ጣት በማያሳልፍ ቦይ ውስጥ
ሁለቱ ተኝተዋል፣ እንደ ተምር ፍሬ፣ ደለል ለብሰው፣ ጸጥ።
ለቀስታ ጉዞ በጎናቸው የምትሾልክ ውሃ ትበቃለች፤
ሲሮጥ ግን ጥሙ ይበዛል፤ መንገዷ ያው ጠባብ ነች።

ግድቡ ላይ አብሬ ወጣሁ።
«አባ ቡልጉ፣ ለምንድነው
እዚያ ላይ ብቻ የሚፈጥኑት?»
የያዙትን ጨርቅ ጨመቁ፤ ውሃ የሌለውን እንደገና ጨመቁ።
«ወደ ታች ማየት አልወድም።»

ሙሉ ነዳጅ ሰጡት። አፍንጫው ቀና አለ፤
ሽንቱ እንደ ጅራፍ በርትቶ በጎኑ ዘለለ።
እጄን አሳረፍኩ፤ ብረቱ ለብ እንዳለ ነው።
ከሰፈራቸው አናት ስንደርስ
ጆሮአቸውን ወደ ሞተሩ ሰጥተው ጠበቁ።
አልጮኸም።
አለፍነው።

ትንሽ እንደሄድን መሪውን አዞሩ።
«እስቲ አንዴ ደግሞ» አሉ፤
በዚህኛው ግን ነዳጁን ቀነሱ።