ከመኪናህ ሥር እይ

ድልድዩን ተሻግሬ ገና እግሬ ሳይረግጥ
ነፋሱ ባርኔጣዬን ወስዶ ሲያሽቀነጥር፣
«ይኸው ነው ሰላምታው» አለኝ ቤንዚን ቀጂው፣
ገንዘቤን ሲቆጥር።

እኔ የመጣሁት ለሞተር ነበረ፣
ለተቃጠለ ጎማ፣ ለፍጥነት ጩኸት፤
ያደርኩት ዴንዚል ጋ፣ ከሚስቱ ከግሌኒስ፣
የባሕር ጨው ከላሰው ከቆርቆሮ ቤት።

ዴንዚል በአራተኛው መታጠፊያ ቆሞ
ባንዲራ ያውለበልባል፣ ሠላሳ አንድ ዓመቱ።
ቢጫው «ቀስ በል» ነው፣ ቀዩ ሲወጣ «ቁም»፤
«ቤትም ሌላ ቃል የለው» ትላለች ሚስቱ።

እሷ ደግሞ ማታ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣
አሸዋው ጫፍ ወርዳ ፔንግዊን ትቆጥራለች፤
ደብተሯ እርጥብ ነው፣ እርሳሷ ጉራጅ ነው፣
አንድ የጎደለ ሌት ሳትተኛ ታድራለች።

የልጅ ልጃቸው ብሮንቴ፣ ማዕበል ጋላቢዋ፣
ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፣ ሳንቃ በብብቷ።
ተከትያት ወረድኩ። ውሃው ላይ ተቀምጣ
ጠበቀች፣ ጠበቀች። አንዱም አልጣማትም።
«አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ስድስት ሰከንድ መቆም፤
ይኸው ነው ጨዋታው» ብላኝ ነበር ማታ፣
«የመጀመሪያው ያታልላል፣ ሁለተኛው ይዝታል፣
ሦስተኛው ነው የኔ።»
ሦስተኛው መጣና ገልብጦ ጣላት፤
ስትስቅ ሰማኋት ከዳር ቆሜ እኔ።

እሑድ። ሞተሮቹ ሲያልፉ ሰማዩ
እንደ አዲስ አቡጀዲ ተተረተረ።
ጉልበታቸው አስፋልቱን ፋቀ።
ከጎኔ የቆመው ባለ ቢራ ሰውዬ
ስማቸውን እንደ ዳዊት ደገመ፣ ዙሩን ቆጠረ።

በስምንተኛው ዙር፣ ከሣሩ መካከል
አንዲት ግራጫ ዝይ፣ ደረቷን ነፍታ
እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር መንገድ ገባች።
ከኋላዋ አራት ጫጩት።
ዴንዚል ቢጫውን አወጣ።
በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ሲበር የነበረው ሁሉ
አንድ በአንድ፣ ወገቡን ቀና እያደረገ
በዝይ እግር ልክ ሄደ።
እሷ መሐል ቆመች።
ክንፏን ፈተሸች።
አራተኛው ጫጩት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበርና ጠበቀችው።
«ነይ እማማ፣ በይ ነይ» አለ ባለ ቢራው፣
ልጁን እንደሚድር አባት ድምፁ ተሰብሮ።

ማን እንዳሸነፈ ብትጠይቁኝ፣ አላውቅም።

ማታ ከግሌኒስ ጋር ወደ አሸዋው ወረድን።
ማዕበሉ ሲሸሽ አንድ እፍኝ ጥቁር ነገር ትቶ ሄደ፤
እፍኙ ተበተነ፣ ቆመ፣ ነጭ ሆድ አወጣ።
በር ላይ እንደቆሙ ጨዋ እንግዶች
«አንተ ቅደም»፣ «ኧረ በሞቴ፣ አንተ» ሲባባሉ
የአንዲት ወፍ ጥላ ቢያልፍ ሁሉም ተመልሰው ባሕር ገቡ።
እንደገና ወጡ። እንደገና ግብዣው።
መጨረሻ ላይ አንዱ፣ ትንሹ፣ መሰልቸት ይሁን ድፍረት፣
ብቻውን ዳገቱን ያዘ።
የቀሩት እሱን አምነው ተከተሉ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሦስት» አለች ግሌኒስ።
እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች፣ መልሳ አወረደች።
«አንድ ጎደለ።»
ምን ይባላል? ዝም አልኩ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ሰሌዳ ተተክሏል፦
ከመነሣትህ በፊት ከመኪናህ ሥር እይ።
ሲጠብቀን የቆየው ዴንዚል፣ ጆሮው ገና ሞተር ሞልቶት፣
ቁልፉን በጥርሱ ይዞ ተንበረከከ።
ጉልበቱ እንደ ጭራሮ ጮኸ።
ባትሪውን ወደ ኋላ ጎማ አዞረና
እጁን ብቻ አነሣ፣ ቀዩን ባንዲራ አስመስሎ።

እዚያ ነበር፤ ስንዝር ተኩል፣ ክንፉን አጣጥፎ፣
እኛን እንደ ጎረቤት ጠብ እያየ።
«እሱ ይሁን ሌላ ማን ያውቃል» አለች ግሌኒስ፤
ጻፈችው፣ አጠገቡም ጥያቄ ምልክት አኖረች።

ከኋላችን የመጣ አንድ ባለ ሞተር፣
የቆዳ ልብሱ እስከ አንገቱ፣
የዴንዚልን እጅ አይቶ ሞተሩን አጠፋ።
ምንም አልጠየቀም።
አራት ሰዎች በጨለማ ቆምን፣
የደሴቲቱ ፍጥነት ሁሉ ቁልፉ ተነቅሎ፣
እስኪወጣ ድረስ።

አልቸኮለም።