የቃል ግብር

ቡሬ፣ ከወፍጮው ጀርባ፣ መብራት በጠፋ ማታ፣
አራት ሆነን ገባን ካልተሠራ ቦታ።
አንለይ የሲሚንቶ ከረጢት ገልብጦ ዘረጋ፣
በከሰል ወንዝ ሣለ፣ በኖራ የንጉሥ አልጋ።
(ይኸ አንለይ ማለት፣ ከዲማ ቅኔ ቤት
ጉባኤ ቃና ቆጥሮ፣ ዘአምላኪየ ላይ የወጣ ድንገት፤
ለምን እንደ ወጣ እስከ ዛሬ አልነገረን።)
ከሞተ በሬ ቀንድ ሞርዶ የሠራት
ስድስት ፊት ነበራት፤
ከ፩ እስከ ፮ ቁጥሯን በምስማር ጠቅጥቆ፣
«ዕድል ማለት ይቺ ናት» አለን፣ ትንሽ ስቆ።

ደብረ ድምፅ ነው ስሙ። ሰባት መቶ ዓመት በምትሃት የቆመ፣
ድንጋዩ ያለ ጭቃ፣ በቃል የታተመ።
ግንቡን «ና ውጣ» ሲሉት ከመሬት ይበቅላል፣
ወንዙን «ተመለስ» ሲሉት ሽቅብ «እሺ» ይላል።
ግን ምትሃት ይርበዋል፤ እህል ደግሞ አይበላ፤
ቃል ነው ቀለቡ፤ አያውቅም ሌላ።
ስለዚህ ነጋሲው መስከረም ሲጠባ
ከየቤቱ አንድ ቃል ነበር የሚያስገባ።

ይታይሽ፣ ቀን ፋርማሲ የምትውለው፣ ማታ ደመና ትፈትላለች።
ባጃጅ ነጂው እንየው የበር ዘብ ነው።
እኔ? እኔ አስገባሪ፤ በትከሻዬ ስልቻ፣
ከድሃ ደጃፍ ቃል ለቃሚ ብቻ።
መጀመሪያ ትርፉን፦ የወፍ ስም፣ የሣር ስም፣
ቢወሰድበትም ማንም የማይከስም፤
ከዚያ የዝምድናውን፤ ዋርሳ ዋርሳ መባሉ ቀረ፣
ሰው ከአማቱ ጋራ በጣት ተነጋገረ።

ባለፈው ሐሙስ ነው።
ነጋሲው «ትእዛዜን የሚያዘገይ አንድ ቃል አለ» ብሎ፣
«ሂድና እሱን አምጣ፣ ተሸክመህ ቶሎ።»
ቃሉ «ቆይ» ነበር፤
በአንዲት ሸክላ ሠሪ ቤት፣ ከጋን ሥር።
አንለይ ሴትዮዋን ሊሆን ድምፁን አቀጠነ፣
«ይኸን ከወሰድህብኝ ልጄ…» አለና ጭጭ ሆነ።
ቀንዷን ጣልኩ። ፮።
እንየው አጨበጨበልኝ።
ወሰድኩ።

«ና ውጣ» የተባለው ግንብ መውጣቱን አላቆመ፤
ደመናውን በስቶ፣ ጨረቃ ገጭቶ ተጣመመ።
«ተመለስ» የተባለው ወንዝ ከምንጩም አለፈ፣
እንደ ተፈታ ጥምጥም ሰማይ ላይ ተንሳፈፈ።
ይታይሽ ደመናዋን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፣
አፏን ከፈተችው፤ ቃሉን ፈልጋ አጣች።
ሕዝቡ ሲረጋገጥ በጠባቡ በር፣
እንየው እጁን ያወዛውዛል፤ የሚለው አልነበር።

«ስልቻው አንተው ጋ ነው» አለኝ አንለይ። «ትፈታለህ?
አምስትና ከዚያ በላይ ከጣልህ ይመለሳል። ካልጣልህ፣ አለቀልህ።»
ጣልኩ። በካርታው ጫፍ፣ በወፍጮው ዱቄት ላይ ተንከባለለች፣
ሻማው ሥር ቆመች።
፩።

«ነጋሲውስ?» አለች ይታይሽ፣ ብዙ ከቆየች በኋላ።
«ሲያዝ ነበር» አላት፣ «እስከ መጨረሻ፣
ከፍርስራሹ ላይ፣ ያለ ከልካይ፣ ያለ መሸሻ።»
ከዚያ ሻማውን በጣቱ ቆነጠጠና፣
«ነገ መተማ እወርዳለሁ። ሰሊጥ ደርሷል» አለና
ወጣ።

በማግስቱ መናኸሪያ፣ ከረጢቱን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ፣
ቆሟል አውቶቡሱ በር ላይ፣ በአቧራ ደብዝዞ።
ልለው ፈለግሁ። ሁለት ፊደል እኮ ነው።
ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ። አውቃለሁ።
ግን ስልቻውን ማን ፈታው?
ረዳቱ በሩን ዘጋ። ጎማው ዞረ። ሮጥኩ፤
አፌ ውስጥ የቀረችውን፣ ያችኑ አንዷን ጮህኩ፦
«አንለይ!»

ረዳቱ ስም መሰለው።
እሱ ግን የዲማ ልጅ ነው፤ ፊቱ ተለወጠ፣
እጁን በመስኮት አወጣ፣ ቀንዷን ወረወረልኝ።
አቧራው ላይ ነጥራ፣ ሁለቴ ዞራ፣ ተኛች።
ስንት እንደ ወጣ ሳላይ
በመዳፌ ሸፈንኳት።