ተመላሽ

ሰኔ ሃያ ዘጠኝ፣ የከዚራ ሙቀት፣
ማራገቢያው ቆሟል፤
ፊቴን አራግባለሁ በሰባ ገጽ በጀት።

ቀመሩ ቀላል ነው፦ የጥቅምት ተማሪ ቁጥር
በነፍስ ወከፍ ይባዛል።
ጉሌድ ከጅቡቲ የገባው በጥር፣
ካሚዮን ላይ፣ ከጨው ጋር፤
ቅጹ ላይ «ተመላሽ» ይላል።

ርዕሰ መምህርት ኢፍቱ ከደቻቱ ማዶ ጽፋልኝ ነበር፦
«ልጁ ነፍስ የለውም ወይ? መስኮት ላይ ነው የሚማር።»
መስኮት የሚል መደብ የለኝም፤
ደብዳቤዋን አጥፌ ከተትኩት መሳቢያ።

አሁን፣ መጨረሻው ገጽ ላይ፣
ከሆቴል ስልጠና ተርፎ ያልተነካ ብር፤
ነገ ሳይመሽ ግምጃ ቤት ይገባል፣
እሱም «ተመላሽ» ነው ስሙ።

ላቤን ጠርጌ
ማኅተሙን መታሁ።
ብሩስ ቤቱን ያውቃል።