ከምስማሩ ሥር

ዓርብ ዓርብ ማሽኑን ከጉልዛር እዋሳለሁ፤
«ጨው እንዳይበላብኝ» ይለኛል፤ «እሺ» እላለሁ።
በኡሙል ቁወይን፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ብብቴን እስኪነካኝ ከውኃው ስገባ፣
ጆሮዬን ደፍኜ ክቡን ሳህን ስስብ፣
ባሕረ ሰላጤው ያጉረመርማል እንዳልበላ ሕዝብ።

ማሽኑ አድልዎ አያውቅም፤ ምስማሩም ይጮኻል፣
የቆርቆሮ ክዳን፣ ሰንሰለት ይጮኻል።
«ብረትን ዝም የምታሰኝ አንዲት ቁልፍ አለችው፤
ከነካሃት ግን ቀጭኑን ወርቅም ዝም አሰኘችው»
ብሎኛል ጉልዛር። ስለዚህ አልነካም።
ሁሉን ሰምቶ የሚውል ጆሮ ግን አይረካም።

ቀለበቱ የኔ አይደለም። የትርንጎም አይደለም።
የእመቤቷ ነው።
በዒድ ማግሥት ማታ፣ ከዚህ ድንጋይ ጫፍ ላይ፣
ልጆቿ ዓሣ በልተው እሷ እጇን ስትታጠብ፣
ጣቷ በጾሙ ከስቶ ነበርና
አንዴ ብልጭ ብሎ ገባ።
ያየችው ትርንጎ ብቻ ናት። ማየቷም ሆነ ጥፋቷ።

«አየሁት» ባለች፣ «የት እንዳለ ታውቃለች» አሉ፤
ሻንጣዋን ዘረገፉ፣ የትራሷን ጥጥ ነቀሉ፣
ሹሩባዋን ፈትተው፣ በጣት እየዳበሱ
ከጠጉሯ ውስጥ ወርቅ አሰሱ።

የመጀመሪያው ዓርብ፣ ሠላሳ አንድ ምስማር፣
የመረብ እርሳስ፣ የሰርዲን ጣሳ።
ሁለተኛው ዓርብ፣ የኤሲ ቱቦ፣ የጀልባ ብሎን፣
ደግሞ የፔፕሲ ጣሳ መክፈቻ፣ ያቺ ቀለበት መሳይ፣
ድምፅዋ ቁርጥ የወርቅ፤
ስድስት ጊዜ ልቤን ሰቅላ ስድስት ጊዜ ጣለችው።

ረቡዕ ሌሊት ትርንጎን በአውሮፕላን ላኳት።
የሦስት ወር ደመወዟን ስለ ቀለበቱ ያዙባት።

ሦስተኛው ዓርብ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም።
አንድ ቦታ ላይ ማሽኑ እንደ በሬ አገሳ።
ቆፈርኩ፤ በዝገት የተጣበቀ የምስማር ጉባኤ፣
መሐሉ ላይ አንድ ጓጉንቸር፣ እንደተቆለፈ።
ሌላ ቀን ቢሆን ባልዲ ውስጥ ጥዬ አልፍ ነበር።
ያን ቀን ግን፣ ስንፍናም ይሁን እልህ፣
ባዶውን ጉድጓድ ደግሜ ዳሰስኩት።
አንዲት ቀጭን ድምፅ።
ለካ ትልቅ ጩኸት ሥሩን ይከድናል፤
ምስማሩ ሲነሣ ትንሹ ይሰማል።

ቅኔ የተማረ ሰው «ሰሙ ዝገት ነው» ይል ይሆናል።
እኔ ጀልባ ፋቂ ነኝ። መዳፌ ላይ አስቀምጬ
ጨዉን በምላሴ አነሣሁለት።

ነገ የእመቤቷን በር አንኳኳለሁ።
የሚሉኝን እሰማለሁ። መስማት ለምጃለሁ።

ዛሬ ግን መርሳ ደወልኩ።
ዓረቦች መርሳ የሚሉት ወደብን ነው፤
የሷ መርሳ ባሕር የለውም፣ አውቶቡስ ብቻ ነው የሚያርፍበት።
«ስልኩን እንዳትዘጊ» አልኳት።
ቀለበቱን ደረቅ ሳንቃ ላይ አኖርኩ፣
ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውልቄ ከስልኩ አፍ ገጠምኩ፣
ሳህኑን በላዩ አሳለፍኩ።

ዝም አለች። ከወዲያ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኛል።
«እሱ ነው?»
«እሱ ነው።»
«እንዲህ ትንሽ ነው እንዴ ድምፁ?»
አልመለስኩም።
«ድገመው» አለችኝ።
ደገምኩት።
የባትሪው መብራት እስኪቀላ ደገምኩት።