ሚኒሞ

ባሕር ረግቶ ድንጋይ በሚሆንበት፣ በኬሚ ከተማ፣
ፀሐይ ብቅ ብላ ምሳ ሳትበላ በምትመለስበት ጨለማ፣
ታይስቶ ጋራዡን ዘግቶ
የአሮጌ ቮልቮውን ሆድ ዘረገፈ፣ አንጀቱን አውጥቶ።
ጭስ ማውጫውን ለብረት ሰብሳቢ ሸጠ፣
ራዲያተሩን ለእኔ ሰጠ።
ሞተር ገዛ፣ ከተዘጋው የወረቀት ፋብሪካ፣
ከዛገ ፎርክሊፍት፣ በእርካሽ ዋጋ፤
ባትሪውንም አጥር ጥሶ ከቆመ፣
ፊቱ ከተጨረማመተ መኪና ለቀመ።

ካምቢዮው ብቻ ያው ነው። የድሮው፣ አውቶማቲኩ።

«ጣለው!» አልኩት።
«ሰባ ኪሎ ብረት ተሸክመህ የት ልትደርስ ነው?
ኤሌክትሪክ ሞተር መች ማርሽ ይሻል?
ከቆመበት ተነሥቶ እስከ መቶ ይሮጣል።
በቀጥታ ከጎማው ጋር እሰረው፤
ያ ዘይት አማሳይ ሆዳም ባትሪህን ነው የሚበላው።»

አልመለሰልኝም።
ብሎን በጥርሱ ነክሶ ከመኪናው ሥር ገባ።
በመሐል ያለችውን፣ ዘይት የሞላችውን ድፍን ቅል ነቅሎ ጣለ፣
በቶርኖ አንገት ቀርፆ
ሁለት የማይተዋወቁ ብረቶችን አንድ አካል አደረገ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ።
የቤንዚን ሞተር ሲቆም እንኳ አይቆምም፤
ቀይ መብራት ይዞት፣ ሚኒሞ ላይ፣ ለራሱ እያጉረመረመ፣
የትም ሳይሄድ ነዳጅ ይፈጃል።
ብክነት ነው ትላለህ።
ግን ያ ጉርምርምታ ፓምፑን ያዞራል፣
ፓምፑ ቀዩን ዘይት በየስርቻው ይነዳል፣
ካምቢዮውም በዚያ ግፊት ማርሹን ጨብጦ ይጠብቃል።
ኤሌክትሪኩ ሲቆም ይቆማል። ጭጭ።
ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤
ካምቢዮ ግን ዝም ሲሉት ይረሳል፣
ግፊቱ ይወርዳል፣ የጨበጠውን ይለቃል፤
አረንጓዴ በርቶ ስትረግጠው
መጀመሪያ ባዶውን ይዞራል፣ ከዚያ
ድው!
አንገትህን ይነቀንቀዋል።

የመጀመሪያው ዓመት በድው አለቀ።
በሁለተኛው፣ ሞተሩን ሚኒሞ ላስተምረው አለ፣
ቆሞም እንዲዞር፣ በደቂቃ ስድስት መቶ፤
መኪናው ግን ያቺን ቅል አጥቷል፣ የሚያባብለው የለም፣
ፍሬኑን ገፍቶ
የጋራዡን በር ይዞ ወጣ።
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

በሦስተኛው፣ ከወደቀ አዲስ መኪና ውስጥ
ቡጢ የምታህል ፓምፕ አገኘ፣
በራሷ ሽቦ የምትሠራ፤
ሞተሩ ሲያንቀላፋ እሷ ትነቃለች።

ለምን ይህ ሁሉ? ልጁ ሬታ ናት የነገረችኝ፤
እሱማ አፉ ብሎን ይዟል።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ
የእናቷ የኢርያ ቋንቋ ከአፏ ወደቀ።
ስትሮክ አሉት ሐኪሞቹ።
ጋዜጣው ጉንዳን ሆነባት፤
ወተት ልትል መስኮት፣ መስኮት ልትል ማክሰኞ።
ከሐኪም ቤት በተመለሰችበት ቀን ግን
ከቮልቮው አልወርድም አለች፣
እጇን ዘርግታ የማርሹን ዘንግ ጨበጠች፣
ከፒ ተነሥታ፣ በአር፣ በኤን አልፋ፣ ዲ፤
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣
አንዱንም ሳትስት።
በዚያ ሰሞን በትክክል የምታነበው
እነዚህን አራት ፊደላት ብቻ ነበር፣ ያውም በመዳፏ።

እና እኔ፣ «ጣለው!» ብዬዋለሁ።

ባለፈው መጋቢት ሐኪሙ ፈረመላት፣ መሪውን ያዘች።
ሐዲዱ ጋ ቆምን፤ ዘንጉን ኤን ላይ አደረገች።
ግንድ የጫነ ባቡር። ሠላሳ ስድስት ፉርጎ ቆጠርኩ።
በረዶው መስታወቱን ሲነካ ይሰማል፤
ከወለሉ ሥር ያቺ ፓምፕ ብቻ፣
ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ንብ።
አጥሩ ተነሣ።
«አር» አለች ኢርያ፣ ጮክ ብላ።
አር የኋሊት ነው። ከኋላችን የወተት ቦቴ ቆሟል።
ታይስቶን አየሁት፤ ወደ ፊት ያያል፣ ቅንድቡ እንኳ አልተነሣ።
እጇ ዘንጉን ሳበ፣
ዲ ላይ አሳረፈ።
ድው የለም።

በነጋታው ራዲያተሩን ልመልስለት ሄድኩ።
ምን ያደርግለታል? እንጃ፣ ባዶ እጄን መሄድ ከበደኝ።
ደጁ በረዶ ላይ ቀይ ጠብታ አለ፣
ያንጠባጥባል ገና፤
የሳርዲን ቆርቆሮ ደቅኖበታል።