«አዎ» በየምቱ

ሳል ይዞት ነው እንጂ ለእግሩ አልመጣም፤
«እግሬ ደህና» ይላል፣ «እግሬን አያመኝም።»
አያመኝም ማለት ደህና ነኝ ማለት ነው
ሃምሳ መኸር ሙሉ ወይን ሲረግጥ ለኖረው።
እኔ ግን ይህን ቃል ስሰማ እፈራለሁ፤
ካመመው አስቀድሜ ያላመመውን አያለሁ።

«ደብዳቤ ልከን ነበር፤ ሳያዩት ቀሩ?»
«በምን ልክፈት ሳጥኑን? ቁልፉ ጠፋ ከነክሩ!
ይኸው ስምንት ቀኔ፤ ሳጥኑን ልስበር ስላት
ልጄ ትቆጣለች፤ ቀለም የቀባችው እሷ ናት።»

«ጫማዎን ያውልቁ» ስለው ቤልሚሮ ሳቀ።
«ለሳል?»
«ለሳል» አልኩት። አጎነበሰ፣ አወለቀ።

ሰፋፊ ናቸው እግሮቹ፤ ጣቶቹ የተራራቁ፣
ተረከዞቹ እንደ ዱሮ ዳገት ድንጋይ
በንብርብር የተላጡ፣ በፀሐይ የነቁ።

መሣሪያዬ ናይለን ናት፣ የዓሣ ክር የምትመስል፤
የምትጎብጠው በአስር ግራም ነው፤
ሁለት ፍሬ ወይን ያህል፣ በደንብ የበሰለ፣ ሊፈነዳ ሲል።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ። ስነካዎ ‹አዎ› ይበሉ።»
«አዎ» አለ በአውራ ጣቱ።
«አዎ» በመሃል ጣቱ። «አዎ» በትንሿ ጣቱ።
«አዎ»፣ «አዎ»፣ «አዎ»፣ ሳይዘገይ፣ ሳይፈጥን።
ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ግን
ጆሮዬ ያዘው፤ ይህን ምት አውቀዋለሁ፤
በለቀማ ሌሊት ከመስኮቴ እሰማዋለሁ።
ሃያ ሰው፣ ክንድ ለክንድ፣ በግራናይቱ ገንዳ፣
እስከ ጭናቸው ወይን ውስጥ፣ ብርዱ አጥንት ሲጎዳ፣
አንዱ ይቆጥርላቸዋል፤ ግራ! ቀኝ! ግራ! ቀኝ!
የሠላሳ ዓመት ቆጣሪ ነው
ይህ ፊቴ ተቀምጦ ዓይኑን የጨፈነልኝ።

ለካ እጄም ምት አለው፤ ሃያ ሁለት ዓመት
የነካሁት እግር ሁሉ አንድ ዜማ አስተምሮት።

ክሩን አየር ላይ ያዝኩ። አልነካሁትም።
«አዎ» አለ።
አሁንም ያዝኩ። አልነካሁትም።
«አዎ» አለ።
ከምቱ ወጥቼ ነካሁት፤ ክሩ ጎበጠ፤
እሱ ዝም አለ፣ ፊቱ እንኳ አልተለወጠ።

አልዋሸኝም። ምት ጠባቂ ነው፤ ምቱን ጠበቀ።
ከአስሩ ቦታ ሰባቱ ግን መቼ እንደሄዱ ማን አወቀ?

የድምፅ ሹካውን መትቼ ጣቱ ላይ ሳቆመው
«ምንድነው?» አለኝ፣ የቆመ ሰዓት እንደሚያይ ሰው።
የእጁ አንጓ ላይ ሳዞረው ግን ደንግጦ እጁን ሳበ፤
«ኤርሜሊንዳ፣ ይሄማ ይዘፍናል!»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።
ራሱን የደበቀ በሽታስ? እሱን ማን ያወጣዋል?

እጄን ጫማው ውስጥ ከተትኩ፤ የሥራ ልማድ ነው።
ከገበሩ ሥር አንድ ነገር ጣቴን ነከሰው።
ትንሽ ቁልፍ። ከነክሩ።
በውስጥ እግሩ ላይ ጥርሷ ታትሟል፣
ቀልቷል፣ ውሃ ቋጥሯል፤
ቆዳው ገና አልተበሳም።

ቤልሚሮ ቁልፏን አይቶ እንደ ልጅ ፈነደቀ፤
«ቤት ውስጥ ናት አላልኳትም!»
ከዚያ እግሩን አገላብጦ አየ። ሳቁ አለቀ።
«ስምንት ቀን?» አለ። መቁጠር መቼም ያውቃል።
«ስምንት ቀን ቆሜባታለሁ?»

ማክሰኞ ደብዳቤውን እንደታሸገ ይዞ መጣ።
«መነጽሬን ረሳሁ፤ አንቺ አንብቢልኝ።»
«እግርዎን እንድናይልዎ ይምጡ» ይላል።
«እሺ» አለ በቁም ነገር፣ «እመጣለሁ።»

ለቀማው ደረሰ። ሌሊት መስኮቴን ከፍቼ
ያንኑ ድምፅ እሰማለሁ፤ ግራ! ቀኝ!
ቆጣሪው ግን ዘንድሮ
ከገንዳው ጠርዝ ላይ ነው፣ ካልሲ አጥልቆ፣ ጫማውን አስሮ፤
የሚረግጡት የሌሎች እግሮች ናቸው።

አልፎ አልፎ ከምቱ የወጣ ነገር ይደርሰኛል፤
ጫማ ነው፣
በግራናይቱ ላይ ተገልብጦ ሲራገፍ።