ጥፍር የሚያውቀው

ሃምሳ ብሩን ጨብጦ፣ ላብ እስኪያርሰው ድረስ፣
ከዘንባባው ጥላ ወዲህ ወዲያ ሲመላለስ፣
"ቀይዋን ስጠኝ" አለኝ፣ "ደወል ያላትን"፤
ዝም አልኩት። አያውቅም ትናንት የገጠማትን።

ትናንት አንድ ጎረምሳ፣ ፖሊ አካባቢ፣ ሲመሽ፣
ጉድጓድ ውስጥ ከተታት፣ ከባጃጅ ሲሸሽ።
"ትንሽ ነው የነካት" ብሎኝ እብስ አለ፤
"ትንሽ" የሚሉት ቃል ስንቱን አታለለ!

ገለበጥኳት፤ እግሯ ወደ ሰማይ ሆነ፤
ቸርኬው አንዴ ፍሬኑን ላሰ፣ አንዴ ለጥቂት ዳነ።
ለልጁ የሚታየው ይኸው ነው፣ መጣመሙ፤
የሚታይ በሽታማ ጣጣ የለው ሕመሙ።

ራጂውን በጥፍሬ አንድ በአንድ መታሁ፤
እንደ ክራር ቃኚ፣ ጆሮ ጥዬ ሰማሁ፤
ሠላሳ ሦስቱ ልክ ነው፣ ድምፁ ይጠራል፤
ሁለቱ ለግሟል፤ አንዱ ያጉረመርማል።

ይሄ ቀላል ነበር። ቁልፌን አነሳሁ፤
ሩብ ዙር አጠበቅሁ፣ ሩብ ዙር አላላሁ፣
ቀጥ ብሎ እስኪዞር እንደ ሐይቅ ወለል።
ልጁ "ዳነች!" አለኝ፣ ከደስታው ዘለል ዘለል።

እኔም ልሰጠው ነበር፤ እውነቱን ልናገር፤
የቤት ኪራይ አለ፤ ወሩ ሊያልቅ ነበር፤
ፈንታነሽም ጠዋት፣ ባዶ ጀሪካን ይዛ፣
"ዘይት" ብቻ ብላ አየችኝ፣ ፈዛ።

ግን እጅ ልማዱ ነው፤
ሥራው ካለቀም በኋላ አንዴ ይዳብሳል።
ፍሬኑ የሚነክሰው፣ የሚያብለጨልጨው ጠርዝ ላይ፣
ከጭቃው በታች፣ ጥፍሬ ተያዘ።
በጨርቅ ጠረግኩት። ምራቄን ቀባሁት።
እንደገና፦
ጠቅ።

ከፀጉር የቀጠነች መስመር።
ጭረት ናት? ስንጥቅ ናት?
ጭረት ከሆነች ዓመት ትነዳለች።
አየር ሞላሁ፤ ጎማው ድንጋይ እስኪሆን ሞላሁ፤
ትሰፋ እንደሁ ብዬ ዓይኔን ተክዬ ጠበቅኩ።
አልሰፋችም፤
ወይም የሰፋች አልመሰለኝም።
ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ሙያውን የሰጡኝ ጋሽ ስንሻው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣
"ዓይን ይሸነግላል፣ ጆሮም ይለመናል፤
ጥፍር ግን ዘመድ የለውም" ይሉ ነበር።

"ወዴት ነህ?" አልኩት።
"ቤዛዊት። ጉማሬ ላይ።"

ለዘንባባው መንገድ፣ ለሜዳው፣ ለጣና ዳር፣
ቢሆን እሰጥ ነበር፤ ክፉው ጉልበት መጫር።
ቤዛዊት ግን ይወጣል፤ የወጣም ይወርዳል።
ሽቅቡን ይገፋታል፣ እሱ ግድ የለም፤
ቁልቁል ሲመጣ ነው፦
ነፋስ ሸሚዙን ነፍቶት፣ ፍሬኑ ጠርዙን ነክሶ፣
ያንኑ ጠርዝ፣ ያችኑ መስመር፣ በየዙሩ ተመላልሶ።

"አልሰጥህም" አልኩት።
"እየዞረች እኮ ነው!"
"መዞሩንማ ትዞራለች።"
"ለብረትህ ሳስተህ ነው!" አለኝ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።
ከጎኔ አንሙት አለ፣ ያው እንደኔ የሚያከራይ፤
ጎማውን እንኳ ጫን ብሎ ሳያይ
አረንጓዴዋን ሰጠው፤ ሃምሳ ብሩን ወሰደ፤
ልጁ ዞሮ ሳያየኝ ሽው ብሎ ሄደ።

ዋልኩ። የሌላ ሰው ካቴና ቀባሁ፤ ጎማ ለጠፍኩ።
አረንጓዴዋ ደወል የላትም፤
እኔ ግን ደወል በተደወለ ቁጥር ቀና አልኩ።

አመሻሽ ላይ መጣ። ጉልበቱ አቧራ፣ ፊቱ ሳቅ።
"አየህ? ምንም አልሆንኩም!" አለኝ፣ ሳይወርድ እያለፈ።
አዎ፣ አልሆነም። ተመስገን።
ምንም አልሆነም ማለት
ምንም አልነበረም ማለት መስሎት።

ፈንታነሽ ዘይቱን በዱቤ አምጥታለች፤
ስንት ሠራህ አላለችኝም።
ቸርኬውን ፈትቼ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፤
አምባዛ አምባዛ የሚሸት የሐይቅ ነፋስ
ቀስ አድርጎ ያዞረዋል፣
ቀጥ ብሎ፣ ያላንዳች እንከን፣ አምሮበት።

ልዘጋ ስል አንዴ በጥፍሬ ነካ አደረግኩት።

ጠቅ።